የዓሣ ስሞችና የገንዳ ቃላት፦ ከሰሜን ሸዋ ደጋ የተነሣ የስያሜ ታሪክ

በመስታወት ገንዳ ውሃ ሞልቶ፣ በውስጡም ዕፅዋት ተክሎ፣ ልዩ ልዩ ዓሦችን አንድ ላይ ማኖር በአውሮፓ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ የቈየ ልማድ ነው። በአገራችን ልማዱ በከተሞች በጥቂቱ ገብቷል፤ ስለ ልማዱ በአማርኛ የሚጻፈው መመሪያ ግን ገና አነስተኛ ነው። እንዲህ ያለውን መመሪያ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሚገጥመው ጥያቄ፣ ለአዲስ ገንዳ የትኞቹ ዓሦች አብረው ይኖራሉ የሚለው ነው። ጥያቄው የባለ ገንዳ ጥያቄ ይምሰል እንጂ ውስጡ ሲታይ የስያሜ ጥያቄ ነው። የዓሦቹ ስም በትክክል ካልተለየ፣ የገንዳው ዝግጅት በሚገባ ቃል ካልተነገረ፣ «አብሮ መኖር» የተባለውም ነገር ምን ማለት እንደ ሆነ ካልተወሰነ፣ አንባቢው መመሪያውን አምኖ የገዛቸው ዓሦች በሳምንታት ውስጥ ያልቁበታል። በሌላው የትርጕም ሥራ የቃል ስሕተት የአነጋገርን ውበት ያጐድል ይሆናል፤ በዚህኛው ግን ሕይወት ያጠፋል።

ጕዳዩን ከሰሜን ሸዋ ለመጀመር የፈለግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቈረቈረች፣ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ የሚወርድባት ከተማ ናት። በአጠገቧ የሚያልፈው በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። ከአንኮበር ገደል ወደ ምሥራቅ የሚወርዱት ጅረቶች ግን ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። እንግዲህ የሁለት ታላላቅ ተፋሰሶች መለያ በሆነው በዚህ ደጋ ላይ ወንዝ እንጂ ሰፊ ሐይቅ የለም። ስለዚህም የደጋው ሰው አማርኛ ለገብሱ፣ ለበጉና ለፈረሱ የስም ሀብታም ሲሆን በውሃ ውስጥ ያለውን ፍጥረት በጥቅሉ «ዓሣ» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ጕድለት አይደለም፤ ቋንቋ ስም የሚያበዛው ተናጋሪው በሚያስፈልገው ነገር ላይ ነውና። ይሁን እንጂ አንድ የዓሣ ስም ወደ ዓለም ሳይንስ የገባበት መንገድ የተነሣው ከዚያው ከአንኮበር ደጃፍ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በ1876 የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር በማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመራ ጓድ ወደ ሸዋ ላከ። ንጉሥ ምኒልክ ለጓዱ በአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ በተባለው ስፍራ መሬት ሰጡ፤ በዚያም የምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። አንቲኖሪ የአራዊትና የአዕዋፍ ሰብሳቢ ነበረ፤ በሌት ማረፊያም በነሐሴ 1882 ሞቶ በዚያው ተቀበረ። ከሸዋ ወደ ጄኖቫ ሙዚየም ከተላከው ስብስብ ውስጥ የነበሩትን ዓሦች መርምሮ በ1883 ያሳተመው ዴቺዮ ቪንቺጌራ ነው። ከእነዚህ አንዷን ደቃቅ ዓሣ በሟቹ ስም «ሃፕሎኪሉስ አንቲኖሪ» ብሎ ሰየማት። ከዚያ ወዲህ የወገን ስሟ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለውጧል፤ አንድ ጊዜ «አፕሎኬይሊክቲስ»፣ ኋላም «ሚክሮፓንካክስ» ተብላለች። «አንቲኖሪ» የሚለው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። የሳይንሳዊ ስያሜ ሕግ እንዲህ ነው፤ የፊተኛው ቃል ከምደባው ጋር ይለዋወጣል፣ የኋለኛው ግን በሕጉ መሠረት ከተሰጠ ይጸናል። ላቲኑን በፊደላችን ለመጻፍ የሚፈልግ ተርጓሚም ይህን ሊያስተውል ይገባል፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የተጻፈ መመሪያና ዘንድሮ የታተመ መመሪያ አንዷን ዓሣ በሁለት ስም ቢጠሯት የሁለት ዓሦች ነገር አይደለም።

ይህች ዓሣ ከጣት ቁመት የምታንስ፣ በረጋ ውሃ ላይኛው ክፍል በመንጋ የምትንሳፈፍ፣ ዓይኗም ብርሃን ሲያርፍበት የሚያበራ ናት። በአዋሽ ተፋሰስና በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትገኛለች፤ ከሐዋሳ ሐይቅ ስድስት የዓሣ ዝርያዎችም አንዷ ናት። ዕፅዋት አትነቅልም፣ ጎረቤቷንም አትነክስም። ተክል ላለው ገንዳ የሚስማማ የአገር ዓሣ ቢፈለግ ከእርሷ የሚቀድም ለማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም በመዝገበ ቃላቶቻችን የታወቀ የአማርኛ ስም የላትም። ለምን ቢባል፣ አትበላምና። የአማርኛ የዓሣ ስሞች የመጡት ከመረብና ከማዕድ እንጂ ከማየት አይደለም። ይህ የታሪክ እውነት ከዚህ በታች ለምናነሣው ሁሉ ቍልፍ ነው።

ስሞቹ የበዙበት ስፍራ እንደሚገመተው ጣና ነው። የፍራንክፈርቱ ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1832 እና በ1833 በጎንደር ተቀምጦ የጣናን ዓሦች ሰበሰበ፤ በ1830ዎቹ አጋማሽም መግለጫቸውን አሳተመ። ሩፔል ያደረገው ነገር ለመዝገበ ቃላት ባለሙያ ልዩ ትርጕም አለው፤ ለአንዳንዶቹ ዓሦች ላቲናዊ ስም ከመፍጠር ይልቅ የአገሩ ሰው የነገረውን ስም እንዳለ በላቲን ፊደል ጻፈው። «ቤሶ»፣ «ጎርጓሪ» እና «ሱርኪስ» የተባሉት የዝርያ ስሞች እንዲህ ገብተው እስከ ዛሬ በዓለም ሳይንስ ይሠራባቸዋል።

ከእነዚህ ሁለቱን ጠጋ ብለን እንመልከት። የመጀመሪያው በላቲን ፊደል የተጻፈው ሲነበብ «ቤሶ» ወይም «በሶ» ይመስላል። ላቲኑን ወደ ፊደላችን የሚመልስ ሰው፣ በተለይ የደብረ ብርሃን ሰው ከሆነ፣ የገብሱን በሶ መጻፉ አይቀርም። የጣና ዓሣ አጥማጅ ግን ዓሣውን ቤዞ ነው የሚለው። ልዩነቱ የመጣው ከሩፔል ቋንቋ ነው፤ በጀርመንኛ ከአናባቢ በፊት ያለ «ስ» እንደ «ዝ» ይነበባልና፣ ሩፔል የጻፈው የሰማውን ቤዞ ነበር። ከላቲን የሚገለብጥ ተርጓሚ የራሱን ቋንቋ ቃል በባዕድ ጆሮ በኩል አዛብቶ መልሶ ይቀበላል ማለት ነው። ስለዚህ የላቲን ስም የአገር ስም ሲመስል ከመጻፍ በፊት ወደ ሐይቁ ዳር ሄዶ መጠየቅ ግዴታ ይሆናል።

ሁለተኛው «ጎርጓሪ» ነው። ዓሣው ሌሎች ዓሦችን አድኖ የሚበላ ነው። ስሙ ጎረጎረ ከሚለው ግሥ የወጣ ስመ አድራጊ ይመስለናል፤ እንዲህ ከሆነ የአጥማጁ ቋንቋ የዓሣውን ጠባይ በአንድ ቃል ነግሮናል። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» በሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚጎረጕረው ሰው ነው፤ በጣና ግን ዓሣው ራሱ ጎርጓሪ ሆኗል። ጠባይን የሚናገር ስም ለባለ ገንዳ ከመልክ ስም የበለጠ ይጠቅመዋል። ጎርጓሪ የተባለን ዓሣ ከደቃቃ ዓሦች ጋር የሚያኖር አማርኛ ተናጋሪ ይኖራል ብለን አናስብም።

ከጣና ወጥተን ገበያውን ስንመለከት በአገሩ ሁሉ የሚታወቁት ስሞች ጥቂት ናቸው፤ ዋነኞቹ ቆሮሶና አምባዛ ናቸው። የሚያሳዝነው ሁለቱም ተክል ላለው ገንዳ የማይሆኑ መሆናቸው ነው። ቆሮሶ ለዕንቍላሉ ጕድጓድ ሲቈፍር ተክሉን ከሥሩ ይገለብጣል፣ ቅጠሉንም ይበላል። አምባዛ ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድግና በአፉ የሚገባለትን ሁሉ የሚውጥ ነው። «ነጭ ዓሣ» የሚለው ደግሞ በጣና ዳር አንድ ወገን፣ በአርባ ምንጭ ሐይቆች ዳር ሌላ ወገን ይጠራበታል፤ ስለዚህ ስፍራ ካልተጠቀሰ በመመሪያ ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

በትርጕም ሥራ ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ከዚህ ይነሣል። በእንግሊዝኛ በድመት የተሰየመውን የዓሣ ወገን አንዳንዶች «ድመት ዓሣ» ይሉታል። ይህ አምባዛ እያለ የተፈጠረ ባዶ ቃል ነው ተብሎ ቢነቀፍ ትክክል ነው። ነገር ግን ነቀፌታው ወደ ሌላ ጫፍ ይወስዳል። የባለ ገንዳ መመሪያ በዚያው ስም ሲናገር ብዙውን ጊዜ የሚያወሳው ኮሪዶራስን ነው፤ ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚረዝም፣ በገንዳው ወለል ላይ ትርፍራፊ የሚለቅም ሰላማዊ ዓሣ ነው። ተርጓሚው በዚያ ቦታ «አምባዛ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው የአምባዛ ጫጩት ከወንዝ አምጥቶ ይጨምራል፤ ሌሎቹም ዓሦች እንደ ቀለብ ይጠብቁታል። እዚህ ላይ «ኮሪዶራስ» ብሎ መዋስ ከአገር ቃልም ከቃል በቃል ትርጕምም ይበልጣል። የአገር ቃል ይቅደም የሚለውን መርሕ አክባሪዎች ነን፤ መርሑ ግን የሚሠራው ቃሉና ነገሩ ሲገናኙ ነው።

«መልአክ ዓሣ» የተባለው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ የተሰጠው ለክንፉ ቅርጽ ነው። በአማርኛ መልአክ ሲባል የሚታሰበው ግን የዋህነትና ጠባቂነት ነው። ዓሣው ካደገ በኋላ ኒዮን ቴትራ የተባሉትን ቀጫጭን ዓሦች ይበላል። እንግዲህ በሰላም አብሮ የሚኖር ዓሣ የሚመርጥ ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑን የሚጥለው በዚህ ስም ላይ ይሆናል። ስም ያልያዘውን ጠባይ ሲያውጅ ከመመሪያው ማስጠንቀቂያ ይልቅ ይሰማል።

«ጉፒ» ግን እንዳለ ይግባ። የዚህ ቃል ታሪክ ከአንቲኖሪ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር አስገራሚ ነው። በ1866 የለንደኑ አልበርት ጉንተር ከትሪኒዳድ በሌችሚር ጉፒ የተላከለትን ዓሣ በላኪው ስም ሰየመው። በኋላ ዓሣው በ1859 በጀርመኑ ፔተርስ ቀድሞ የተሰየመ መሆኑ ታወቀና የሳይንሱ ስም ተሻረ፤ ሕዝቡ ግን «ጉፒ» ማለቱን አልተወም። የአንዱ ስም በመጽሐፍ ጸንቶ በአፍ አልተነገረም፤ የሌላው ከመጽሐፍ ተፍቆ በአፍ ኖረ። የተውሶ ቃል በአፍ ሲኖር ደግሞ ይለመልማል። በግዕዝ «ዐንበሪ» የተባለው የባሕር ፍጥረት በአማርኛ «ዓሣ አንበሪ» ሆኖ፣ ከዚያም የሕዝቡ ጆሮ ነበረ ከሚለው ግሥ ጋር አዛምዶት «ዓሣ ነባሪ» ማለቱ ለሁላችን የታወቀ ነው።

ከስሞቹ ወደ ዕቃው እንለፍ። «አኳሪየም» በጥንቱ ላቲን የከብት ውሃ ማጠጫ ስፍራ ማለት ነበር። የዛሬውን ትርጕም ያገኘው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን በአንድ ዕቃ ውስጥ ሁለት ወርቃማ ዓሦችንና ቫሊስኔሪያ የተባለውን የውሃ ተክል አኑሮ፣ የተክሉ ቅጠል መበስበስ ውሃውን ቢያበላሸው ቀንድ አውጣ ጨመረበት። ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን በላ፣ ውሃውም ጠራ። ይህን በ1850 ለኬሚስቶች ማኅበር አቀረበ። ተስማሚ ነዋሪዎችን መርጦ ማኖር የተባለው ጥበብ በጽሑፍ የሚጀምረው ከዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1853 በለንደን የአራዊት ማቆያ የዓሣ ቤት ተከፈተ፤ በ1854ም ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳሪየም» የሚለውን ቃል በመጽሐፉ ርእስ አጸናው።

የአማርኛው «ገንዳ» ያለፈበት መንገድ ከላቲኑ ጋር የሚገናኝ መሆኑ ደስ ያሰኛል። ገንዳ ከግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራ የከብት ማጠጫ ነው፤ ከዚያም ለመታጠቢያውና ለመዋኛው ተላለፈ። ስለዚህ «የዓሣ ገንዳ» ማለት ከላቲኑ ቃል በምንም አያንስም። «ኩሬ» ለእርባታ ይቈይ። «ዓሣ ቤት» የሚለው ደግሞ ከለንደኑ ስም ጋር ቢመሳሰልም በእኛ ከተማ የሚያስታውሰው ጥብሱን ነው። ዕፅዋት ያለበትን ለመለየት አዲስ ቅጽል መፍጠር አያስፈልግም፤ «ተክል ያለው የዓሣ ገንዳ» በቂ ነው። ጨው የሌለበትን ውሃ «ንጹሕ ውሃ» ማለት ግን ሊቀር ይገባዋል፤ የጨው ውሃም ንጹሕ ሊሆን ይችላልና «ጨው አልባ ውሃ» ይባል።

ከሁሉ የከበደው የአዲስ ገንዳ ዝግጅት ነው። ከዓሦች የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፤ በውሃው ውስጥ በሚራቡ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጕዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ እስኪራቡ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በእንግሊዝኛ ይህ ሥራ ከዑደት በወጣ ግሥ ይጠራል። ተርጓሚው «ገንዳውን ማዞር» ቢል አንባቢው ዕቃውን አንሥቶ ያዞረዋል፤ «ዑደት ማስጀመር» ቢልም የሚገባው ለኬሚስት ብቻ ነው።

የሰሜን ሸዋ ባለሙያ ሴት ግን ለዚህ ቃል አላት። አዲስ ምጣድ የገዛች ሴት ወዲያው አትጋግርበትም፤ አግላ፣ በጎመን ዘር አሽታ፣ ታሟሸዋለች። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራ ይይዛል። ማሟሸት ማለት አዲስን ዕቃ ለሥራው እስኪበቃ ድረስ በትዕግሥት ማለማመድ ነው። ዕቃው በውጭ ሲታይ ያው ነው፤ ለውጡ በገጹ ላይ የሚሠራ የማይታይ ነገር ነው። በገንዳ ጠጠርና በማጣሪያ ላይ ባክቴሪያ እስኪለብስ መጠበቅ ከዚህ በምን ይለያል? ስለዚህ «ገንዳ ማሟሸት»፣ «የተሟሸ ገንዳ»፣ «ያልተሟሸ ገንዳ» እንዲባል በበኩላችን እናቀርባለን። ባልተሟሸ ገንዳ ዓሣ አይጨመርም ቢባል፣ ሳይንሱን ያልሰማ ሰው እንኳ ለምን እንደሚቈይ በግማሹ ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ቃል ደርሰናል። መመሪያዎቹ በአንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል የሚጠሩት ነገር በአማርኛ «ተስማሚ» ተብሎ ይታለፋል። «ተስማሚ» መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን ሁለት ልዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይሸፍናል። ዓሣ ለውሃው ይስማማል፤ ዓሣ ከዓሣ ጋር ደግሞ ይስማማል። ፊተኛው የአንድ ወገን ጕዳይ ስለ ሆነ «ለ» በሚለው መስተዋድድ ይነገራል፤ ለሙቀቱ፣ ለወራጁ፣ ለገንዳው ስፋት ተስማሚ ይባላል። ኋለኛው የሁለት ወገን ጕዳይ ነው፤ ለእርሱም አማርኛ የተደራረበ ግንድ ያለውን የመደጋገፍ ግሥ አዘጋጅቶለታል። ቻለ ካለው «ተቻቻለ» ይወጣል፣ ከእርሱም «ተቻቻይ»። ትልቁ ዓሣ ትንሹን ካልቻለ፣ ትንሹ ብቻውን ትልቁን ቢችል፣ ተቻቻሉ አይባልም። ሰዋስዉ ራሱ ሁለቱን ወገን ይጠይቃልና። ቃሉ በዘመናችን ለሕዝቦች አኗኗር መነገሩ ከዓሣ ጋር ለማዋል ያሳፍር ይሆናል የሚል አስተያየት ሊመጣ ይችላል፤ ቅር አይለንም፤ ቃል በመሥራቱ አይዋረድም።

ልዩነቱ ከንቱ አለመሆኑን አንድ የአገር ምሳሌ ያሳያል። ጋራ የተባለው የዓሣ ወገን በአዋሽም በዓባይም ተፋሰስ ይገኛል፤ አፉ ከታች ነው፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ አረንጓዴ አልጌ ይግጣል፣ ወራጅና አየር የሞላበት ውሃ ይወዳል። ጋራና ከላይ ያነሣናት የአንቲኖሪ ዓሣ ከአንድ ተፋሰስ ሊመጡ ይችላሉ። አንዱ ሌላውን አይነካም፤ ስለዚህ ተቻቻይ ናቸው። እርሷ ግን የረጋ ውሃ ትሻለች፤ ስለዚህ ለአንድ ውሃ እኩል ተስማሚ አይደሉም። ሁለቱን ሐሳብ በአንድ «ተስማሚ» የጠቀለለ መመሪያ ይህን ሊናገር አይችልም።

በደብረ ብርሃን ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ የውሃው ሙቀት ነው። ጉፒና ኒዮን ቴትራ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይወዳሉ፤ ማሞቂያ በሌለበት ቤት የጥቅምት ሌሊት ይገድላቸዋል። ከጓንግዡ አጠገብ ካለው የነጭ ደመና ተራራ ተገኝቶ በ1932 የተሰየመው ታኒክቲስ የተባለ ትንሽ ዓሣ ግን ቅዝቃዜ ይችላል፣ ተክልም አያበላሽም። ወርቃማ ዓሣም ብርድ ይችላል፤ ሆኖም ቅጠል ይበላል፣ ውሃም ፈጥኖ ያቈሽሻል። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሰባት ዐሥረኛ ገደማ በመሆኑ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ስለዚህ በባሕር ዳር አገር የተጻፈውን የዓሣ ብዛት እንዳለ መገልበጥ አይገባም። ለዚህ ሁሉ «ትሮፒካል» እያሉ ከመዋስ ይልቅ «የቆላ ዓሣ»፣ «የደጋ ዓሣ» ቢባል አርሶ አደሩ እንኳ ሳይተረጐምለት ይረዳዋል። ለጂኦግራፊ መጽሐፍ «ሐሩር» ይቈይ፤ የገንዳ መመሪያ ግን የሚጠይቀው የውሃውን ሙቀት እንጂ ኬክሮሱን አይደለም።

የቀረው የስም የለሿ ዓሣ ጕዳይ ነው። በእንግሊዝኛ ወገኗ «መብራት ዓይን» የሚል ትርጕም ባለው ስም ይጠራል። ይህን በግዕዝ ዘርፍ «ዓይነ ብርሃን» ማለት አይቻልም፤ ቃሉ የሰው ማየት ተብሎ ተይዟል። «ዓይነ መብራት» ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህን ከማጽደቅ በፊት በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዳር ያሉ አጥማጆች፣ ከአንኮበር ግርጌ ያሉ አርጎብኛ ተናጋሪዎች፣ በአዋሽ ዳር ያሉ አፋርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ምን እንደሚሏት መጠየቅ አለበት። አጥማጅ የማይበላውን ዓሣ ስም አይነሣውም ይሆናል፤ ልጆች ግን ጅረት ዳር ሲጫወቱ የሚይዙትን ሁሉ ይሰይማሉ። እስከዚያው ድረስ ተርጓሚዎች «የአንቲኖሪ ዓሣ» እያሉ ቢሠሩ፣ በካርዱም ላይ የአማርኛ ስሟ ስፍራ ክፍት ቢተው ይሻላል።